የመንገዱን ዋጋ ማን ይከፍላል?

ምዕራፍ 9

በ1995 የአውስትራሊያ የራግቢ ሊግ ውድድር አራት አዳዲስ ክለቦችን ተቀበለ። ለዚህ ምዕራፍ የሚያስፈልጉን ሁለቱ ናቸው፤ የፐርዙ ዌስተርን ሬድስና የኒውዚላንዱ ኦክላንድ ዋሪየርስ። ፐርዝ የአውስትራሊያ ከተማ ናት፤ ሆኖም አብዛኞቹ ክለቦች ካሉባት ከሲድኒ 3,300 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ኦክላንድ ያለችው ባሕር ማዶ፣ ሌላ መንግሥት፣ ሌላ ገንዘብና ሌላ ፓስፖርት ባለበት አገር ነው። ከሲድኒ የምትርቀው ግን 2,150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድንበር ተሻግሮ የሚመጣው ባዕድ ከአገሬው ልጅ ይልቅ ቅርብ ነበር ማለት ነው።

ሬድስ ሦስት የውድድር ዘመን ብቻ ተጫውቶ በ1997 መጨረሻ ፈረሰ። ዋሪየርስ እስከ ዛሬ አለ። (ዓመቶቹና ቀኖቹ እንደ ቀደሙት ምዕራፎች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለሬድስ መፍረስ ከአንድ በላይ ምክንያት ነበር። በእነዚያ ዓመታት የአውስትራሊያ ራግቢ ሊግ በሁለት የቴሌቪዥን ባለሀብቶች ጠብ ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ ጠቡ ከአንድ በላይ ክለብ ይዞ ሄዷል። ነገር ግን ሬድስ ወደ ውድድሩ ሲገባ የፈረመው አንድ ግዴታ ነበር፤ ፐርዝ ድረስ መጥቶ ለሚገጥመው ቡድን ሁሉ የአውሮፕላን ቲኬቱንና የሆቴሉን ወጪ የሚሸፍነው ራሱ ሬድስ ነው። ይህን ግዴታ በደንብ እንያዘው። ድንበር የሚሻገሩ ውድድሮች የሚቆሙበትም የሚወድቁበትም ነጥብ እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከልደቱ ጀምሮ የወጪ ጨዋታ

ራግቢ ሊግን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ፦ በሞላላ ኳስ፣ በየወገኑ 13 ሰው ተሰልፎ የሚጫወቱት ነው። ኳስ የያዘው ቡድን ስድስት ጊዜ ተይዞ እስኪወድቅ ድረስ ወደፊት ይገፋል፤ ስድስተኛው ላይ ኳሱን ለተጋጣሚው ያስረክባል። በየወገኑ 15 ሰው ከሚሰለፍበት ከራግቢ ዩኒየን ጋር ወንድማማች ነው፤ ወንድማማቾቹ የተለያዩት ግን በገንዘብ ነው። በ1895 የሰሜን እንግሊዝ ክለቦች ተጫዋቾቻቸው በጨዋታ ቀን ከማዕድን ጉድጓዱና ከፋብሪካው ሲቀሩ የሚያጡት ደመወዝ እንዲካስላቸው ጠየቁ። የስፖርቱ አለቆች እምቢ ሲሉ ክለቦቹ ሀደርስፊልድ ከተማ ውስጥ ባለ ሆቴል ተሰብስበው የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ።

ስለዚህ ይህ ስፖርት ገና ሲወለድ የጠየቀው «ሰው ሜዳ ላይ ሲውል ኪሳራውን ማን ይሸከማል?» የሚል ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ ያው ጥያቄ መልኩን ቀይሮ መጣ፤ ክለብ አገር አቋርጦ ሲጫወት ኪሳራውን ማን ይሸከማል?

ጽዋው ሐዋሳ ሲደርስ

አዲስ አበባ ያለ አንድ የሚካኤል ጽዋ ማኅበር እናስብ። አሥራ ሁለት አባላት አሉት። በየወሩ በ12ኛው ቀን ተረኛው ጠላውን ጠምቆ፣ ዳቦውን ጋግሮ ሌሎቹን ይቀበላል፤ ማምሻውን ጽዋው ለቀጣዩ ተረኛ ይተላለፋል። ማንም ለብቻው ማኅበር አይጠጣም። የደገሰው ሰው ያለ እንግዶቹ ደጋሽ አይባልም፤ እንግዶቹም ያለ ደጋሹ ቤት የላቸውም። ዛሬ እንግዳ የሆነው በወሩ ባለቤት ይሆናል።

ሊግ የሚባለው የውድድር ዓይነት በአሠራሩ ይኸው ነው። አንድ ጊዜ በሜዳህ፣ አንድ ጊዜ በተጋጣሚህ ሜዳ። ተራው በደረሰ ቁጥር የበሩን ገቢ የሚወስደው ባለሜዳው ነው፤ እንግዳው ደግሞ የራሱ ተራ እስኪደርስ ይጠብቃል። ሁሉም አባላት በአንድ ሰፈር እስካሉ ድረስ ሒሳቡ ራሱን በራሱ ያጣጣል፤ እኔ ወዳንተ ለመምጣት ያወጣሁትን ታክሲ አንተም ወደ እኔ ስትመጣ ታወጣዋለህ።

ከአባላቱ አንዱ ሥራ ተቀይሮ ሐዋሳ ቢገባስ? እሱ ከማኅበሩ መለየት አይፈልግም፤ ሌሎቹም አይፈልጉም። ነገር ግን እሱ በዓመት አሥራ አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ይመላለሳል፤ እነርሱ ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ ሐዋሳ ይወርዳሉ። በዚያች አንድ ቀን አንዱ ሱቁን ዘግቶ ይመጣል፣ ሌላዋ ልጆቿን የምትተውበት ታጣለች፣ ሦስተኛው ደግሞ ማደሪያው ያሳስበዋል። የማኅበሩ ሙሴ ሦስት መንገድ አለው። ሁሉም እንደየራሱ ይክፈል ማለት ይችላል። የማኅበሩ ሣጥን ይሸፍነው ማለት ይችላል። ወይም «አንተ ነህ የራቅኸው፤ የእኛንም መሳፈሪያ አንተው ቻል» ሊለው ይችላል።

ሦስተኛው ፍርድ ለመጀመሪያው ዓመት ሊያስኬድ ይችላል፤ ያ ሰው ሐዋሳ ጥሩ ደመወዝ ካገኘ ደግሞ ለሁለተኛውም። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውየው አባል መሆኑ ቀርቷል። በኪሱ ጥንካሬ የቆመ ደጋሽ ሆኗል፤ ኪሱ የሳሳ ዕለት ጽዋው ይመለሳል።

ምጣኔ ሀብት አጥኚዎች ይህን ነገር ካሰቡበት ቆይተዋል። ዋልተር ኒል የሚባል አሜሪካዊ በ1964 ባሳተመው ጽሑፍ ስፖርት ከሌላው ንግድ የሚለይበትን ነጥብ በቡጢ ምሳሌ አሳየ። ጆ ሉዊስ የዘመኑ ታላቅ ቡጢኛ ነበር። ባለሱቅ ቢሆን ኖሮ ተፎካካሪዎቹ ሁሉ ቢከስሩለት ይደሰት ነበር። ለሉዊስ ግን ብርቱ ተጋጣሚ ማጣት የእንጀራ ማጣት ነው። በ1936 እሱን ራሱን በዝረራ ያሸነፈውን ጀርመናዊውን ማክስ ሽሜሊንግን በ1938 ዳግም ሲገጥመው 70,000 ያህል ሰው ያንኪ ስታዲየም የገባው ሽሜሊንግ ስላለ ነው። ጨዋታ የሚባለውን ዕቃ የሚያመርቱት ሁለት ተቀናቃኞች አንድ ላይ ሆነው ነው፤ በምዕራፍ 2 ስለ በር ገቢ ስንነጋገር ያልነካነው ነጥብ ይህ ነበር። ያን ጊዜ ቲኬቱን የሚሸጠው ባለሜዳው ነው ብለን አልፈናል። ግማሹን ዕቃ ይዞ የመጣው እንግዳው መሆኑን እዚህ እንጨምርበት።

እንግዲህ እንግዳው ግማሹን ዕቃ ካመጣ የመምጫው ዋጋ የማምረቻ ወጪ ነው። ጥጥ ወደ ፋብሪካው የሚያደርሰው መኪና ወጪ እንደሚቆጠረው ሁሉ ይህም በጋራ ሣጥን ሊቆጠር ይገባል። ቀላል ይመስላል። ክለቦች ተቀምጠው ድምፅ ሲሰጡበት ግን ቀላል ሆኖ አያውቅም።

የአንድ መንገድ ስፖርት

የእንግሊዝ ራግቢ ሊግ ለምን ለሩቅ እንግዳ እጁ እንደሚያጥር ለመረዳት ኤም 62 የሚባለውን አውራ ጎዳና ማወቅ ይበቃል። ከሊቨርፑል አካባቢ ተነስቶ እስከ ሃል አቅራቢያ 170 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘረጋል። ሴንት ሄለንስ፣ ዊጋን፣ ዋሪንግተን፣ ሊድስ፣ ዌክፊልድ፣ ካስልፎርድ፣ ሃል... የስፖርቱ ታላላቅ ስሞች በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ ናቸው። ደጋፊ ከምሳ በኋላ ተነስቶ ከሜዳው ውጪ የሚጫወተውን ክለቡን አይቶ ለእራት ቤቱ ይገባል።

ይህ ቅርበት ገንዘብ ነው። ሃል ወደ ሊድስ ሲሄድ ብዙ ደጋፊ ተከትሎት ይሄዳል፤ እነርሱ የሚከፍሉት ቲኬት ወደ ሊድስ ካዝና ይገባል። ካናዳ ያለ ክለብ ሊድስ ሲመጣ ግን የእንግዳ ደጋፊ መቀመጫው ባዶ ይሆናል። ስለዚህ የሰሜን እንግሊዝ ክለብ ሊቀመንበር ሩቅ ክለብ ሲገባ የሚያሰላው ሁለት ኪሳራ ነው፤ የራሱን ጉዞና የሚቀርበትን የበር ገቢ። በክፋት የሚያደርገው አይደለም። ክለቡ በጠባብ ሒሳብ የሚኖር ነው፤ አንድ ባዶ የእንግዳ መቀመጫ በዓመቱ መጨረሻ ላይ ይታወቃል።

ሱፐር ሊግ የተባለው አዲሱ የእንግሊዝ ውድድር በ1996 ሲጀምር የመጀመሪያው ጨዋታ የተደረገው ፓሪስ ነበር። አዲሱ የፓሪስ ክለብ በሻርሌቲ ስታዲየም ወደ 18,000 በሚጠጋ ተመልካች ፊት ሼፊልድን 30 ለ 24 አሸነፈ። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ክለቡ አልነበረም። ሥር ሳይሰድ፣ ለቴሌቪዥን ካርታ ማስፊያ የተፈጠረ ክለብ ነበርና ብዙ አይገርመኝም። የሚያስተምረው ቶሮንቶ ነው።

ቶሮንቶ

ቶሮንቶ ዎልፍፓክ በ2017 በእንግሊዝ ሦስተኛ እርከን ተመዝግቦ ጀመረ። አትላንቲክን ተሻግሮ በእንግሊዝ ሊግ ውስጥ በመደበኛነት የሚጫወት ክለብ ከዚያ በፊት አልነበረም። ከማንችስተር እስከ ቶሮንቶ 5,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የቶሮንቶ የካቲት ደግሞ በረዶ ስለሆነ ክለቡ ዓመቱን የሚጀምረው ለወራት እንግሊዝ ውስጥ ከሜዳው ውጪ በመጫወት ነበር። ሲሞቅ ወደ ላምፖርት ስታዲየም ይመለስና ጨዋታዎቹን በተከታታይ በሜዳው ያደርጋል። የመጀመሪያው የሜዳው ጨዋታ በግንቦት ወር ኦክስፎርድን 62 ለ 12 ያሸነፈበት ነበር፤ ከ6,000 በላይ ሰው ገባ። በዚያ እርከን የሚጫወቱ የእንግሊዝ ክለቦች በጥቂት መቶ ሰው ፊት መጫወት የለመዱ ናቸው።

ሕዝቡ መጣ። ክለቡም አሸነፈ፤ በየእርከኑ እየወጣ በ2019 መጨረሻ ፌዘርስቶንን 24 ለ 6 ረትቶ ሱፐር ሊግ ገባ። ሶኒ ቢል ዊሊያምስን የመሰለ የኒውዚላንድ ኮከብም አስፈረመ።

ውሉን ግን እንይ። እንግዳ ክለቦች ወደ ካናዳ ሲሄዱ በረራውንና ማደሪያውን የሚችለው ቶሮንቶ ነው። ለበረራው የካናዳ አየር መንገድ የሆነው አየር ትራንዛት ስፖንሰር ሆኖ ይረዳው ነበር። በምዕራፍ 4 ያየነውን፣ ክለቦች የስርጭት መብታቸውን አንድ ላይ ሸጠው የሚካፈሉትን ገንዘብ ደግሞ ቶሮንቶ አይካፈልም። ይህ የሙሴው ሦስተኛ ፍርድ ነው፤ አንተ ነህ የራቅኸው። ክለቡ በባለቤቱ ኪስ ላይ ቆመ።

በ2020 ወረርሽኙ መጣ። በረራ ቆመ፤ ቶሮንቶ ገቢ የሚያገኝበት የሜዳው ጨዋታ ገና ሳይጀመር ውድድሩ ተቋረጠ። ሐምሌ 20 ቀን ክለቡ የቀረውን የውድድር ዘመን መጫወት እንደማይችል አስታወቀ። እስከዚያ የተጫወታቸው ጨዋታዎች ውጤት ከሰንጠረዡ ተሰረዘ። በኅዳር ወር ክለቦቹ «ይመለስ ወይስ አይመለስ?» በሚለው ላይ ድምፅ ሰጡ፤ 8 ለ 4 በሆነ ድምፅ በሩ ተዘጋ።

ክለቡ በራሱም ጥፋት እንደነበረበት አይካድም፤ ደመወዝ ዘግይቷል፣ ሒሳቡም የተዝረከረከ ነበር። ቢሆንም ድምፁን ያስጨረሰው ሌላ ስሌት ይመስለኛል። ለሦስት ዓመታት ተኩል ቶሮንቶ ለእንግሊዝ ክለቦች ያመጣው ነፃ ጉዞ ነው። በጋራ ሣጥኑ ውስጥ የገባ የካናዳ የቴሌቪዥን ገንዘብ አልነበረም። ነፃው ጉዞ ሲያበቃ ከሣጥኑ የሚጎድል ነገር አልታየም፤ የማይጎድልን አባል መሸኘት ደግሞ ለማንም አይከብድም። ለላምፖርት ደጋፊዎች ይህ ማጽናኛ አይሆንም፤ ስፖርቱን በአራት ዓመት የወደዱ ሰዎች ነበሩ።

1,038 ቀን

ያው ወረርሽኝ፣ ያው ዓመት፣ ሌላ ውቅያኖስ። ኒውዚላንድ ድንበሯን ስትዘጋ ዋሪየርስ ሁለት ምርጫ ነበረው፤ ውድድሩን ትቶ ቤቱ መቅረት ወይም ቤቱን ትቶ ውድድሩን መከተል። በግንቦት 2020 መላው ቡድን ወደ አውስትራሊያ ተሻግሮ ታምዎርዝ ከተማ ለ14 ቀን ተለይቶ ከቆየ በኋላ ከሲድኒ ሰሜን ባለው የባሕር ዳርቻ ሰፈረ። ብዙዎቹ ተጫዋቾች ሚስትና ልጆቻቸውን ኒውዚላንድ ትተው ነበር። በስደቱ የመጀመሪያ ጨዋታቸው ሴንት ጆርጅ ኢላዋራን 18 ለ 0 አሸነፉ።

ስደቱ ለወራት ይሆናል ተብሎ ሦስት የውድድር ዘመን ነካ። ዋሪየርስ ዳግም በኦክላንድ ሜዳው የተጫወተው ሐምሌ 3 ቀን 2022 ነው፤ ከዚያ በፊት ሜዳውን ከረገጠ 1,038 ቀን ሆኖት ነበር። ማውንት ስማርት ስታዲየም ሞልቶ ዌስትስ ታይገርስን 22 ለ 2 ረታ።

ተጫዋቾቹ የከፈሉት ዋጋ ክብር የሚገባው ነው። እኔ ግን የበለጠ የሚገርመኝ የሌሎቹ ክለቦች ነገር ነው። በ2020 ዋሪየርስ በጉዳትና በናፍቆት ሰው ሲያጥርበት ተቀናቃኝ ክለቦች ተጫዋች አዋሱት። ቅዳሜ ሊገጥሙት ለሚችሉት ቡድን ሰው ሰጡ። ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ አብዛኞቹ ክለቦች በር ሲዘጉ እዚህ ሲድኒና አካባቢዋ ያሉ ክለቦች በር ከፈቱ። ልብ ስለሚለያይ ነው?

የሚለያየው ሣጥኑ ነው። የአውስትራሊያው ውድድር ያን ጊዜ 16 ክለብ ነበረው፤ በየሳምንቱ 8 ጨዋታ። ለቴሌቪዥን የተሸጠው 8 ጨዋታ ነው። አንድ ክለብ ቢወጣ 7 ጨዋታ ይቀራል፤ አንዱ ክለብ በየሳምንቱ ያለ ተጋጣሚ ይቀመጣል፤ ገዢውም ዋጋ ይቀንሳል። በዚያ ላይ የኒውዚላንድ የቴሌቪዥን ኩባንያ ለዚህ ውድድር የሚከፍለው ገንዘብ በጋራ ሣጥኑ ይገባል፤ ኒውዚላንዳዊ ክለብ የሌለበትን ውድድር ማን በዚያ ዋጋ ይገዛል? ደግሞም ውድድሩን ከ2012 ወዲህ የሚያስተዳድረው ከክለቦቹ ተለይቶ የቆመ ኮሚሽን ነው፤ የአንዱን አባል ዕጣ የሌሎቹ ሊቀመናብርት ድምፅ ብቻውን አይወስነውም። ዋሪየርስ በ2000 በገንዘብ ተንኮታኩቶ በአዲስ ባለቤትና በአዲስ ስም የተነሳ ክለብ ነው፤ ከቶሮንቶ የተሻለ ገንዘብ ያዥ ስለሆነ ብቻ አልተረፈም። በሣጥኑ ውስጥ ድርሻ ነበረው፤ ቢጎድል የሚታይ ድርሻ።

ፐርፒኞን፣ ወይም ሌላው መንገድ

እስካሁን ያልኩትን አንድ ክለብ ያስቸግረዋል። በደቡብ ፈረንሳይ፣ በስፔን ድንበር አጠገብ የምትገኘው የፐርፒኞን ክለብ ካታላንስ ድራጎንስ ከ2006 ጀምሮ በሱፐር ሊግ አለ። ከኤም 62 እጅግ ይርቃል። ታዲያ እንዴት ቆየ?

በመጀመሪያ ጊዜ ተሰጠው። ሲገባ ለሦስት ዓመታት ቢሸነፍም ወደ ታች እርከን እንዳይወርድ ዋስትና ነበረው። ቡድን በሦስት ወር አይሠራም፤ ይህች ዋስትና ከብዙ ገንዘብ ትበልጣለች። ከዚያ በላይ ግን አፈሩ ነው። ፓሪስ ባዶ መሬት ነበረች፤ ፐርፒኞን አካባቢ ግን ራግቢ ሊግ ከ1930ዎቹ ጀምሮ የኖረበት ነው። በጦርነቱ ጊዜ ከጀርመን ጋር ይተባበር የነበረው የፈረንሳይ የቪሺ መንግሥት በ1941 ስፖርቱን በአዋጅ አግዶ ንብረቱን ወርሷል። አያቶቻቸው የታገደባቸውን ጨዋታ ልጅ ልጆቹ በራሳቸው ትንሽ ሜዳ በዢልቤር ብሩቱስ ይጫወቱታል፤ እንዲህ ያለ ደጋፊ በአንድ መጥፎ ዓመት አይበተንም።

ሌላው ነገር የተማርኩት ከእንግሊዝ ደጋፊዎች ነው። የፐርፒኞን ጉዞ ፀሐይ፣ ባሕርና ወይን ያለበት ነውና ደጋፊዎች የዓመት ዕረፍታቸውን ከዚያ ጨዋታ ጋር ያገጥሙታል። ሒሳቡ ተገለበጠ ማለት ነው፤ የእንግዳው መቀመጫ ባዶ የሚሆንበት ርቀት ራሱ መቀመጫውን ሞላው። ካታላንስ በ2018 ዌምብሌይ ላይ ዋሪንግተንን 20 ለ 14 አሸንፎ የቻሌንጅ ካፕን ዋንጫ ከእንግሊዝ ያስወጣ የመጀመሪያው ክለብ ሆነ። በ2019 ደግሞ ከዊጋን ጋር ያለውን ጨዋታ ድንበሩን አሻግሮ ባርሴሎና ካምፕ ኑ ላይ ሲያደርገው 31,555 ሰው ገባ።

ካታላንስ የሣጥኑን ነገር አያፈርሰውም። ሩቁ ክለብ ገንዘብ ባይጨምር እንኳ ሌላው የሚፈልገውን ነገር ሊጨምር እንደሚችል ያሳያል።

መንግሥት ደጋሽ ሲሆን

ራግቢ ሊግ ብሔራዊ ስፖርት ሆኖ የሚቆጠርባት አገር ፓፑዋ ኒው ጊኒ ናት። የአገሪቱ ክለብ ሀንተርስ በ2014 የአውስትራሊያዋን የኩዊንስላንድ ክፍለ ሀገር ውድድር ተቀላቀለ፤ በ2017 ፍጻሜ ሰንሻይን ኮስትን 12 ለ 10 አሸንፎ ዋንጫውን ባሕር አሻገረ። ከዚያ በኋላ የላይኛውን እርከን የመፈለጉ ጥያቄ የማይቀር ነበር።

በታኅሣሥ 2024 የሁለቱ አገሮች ጠቅላይ ሚኒስትሮች መልሱን አስታወቁ። አዲስ የፓፑዋ ኒው ጊኒ ቡድን በ2028 ወደ አውስትራሊያው ትልቁ ውድድር ይገባል፤ የአውስትራሊያ መንግሥት ለዚህና በአካባቢው ደሴቶች ስፖርቱን ለማስፋፋት በ10 ዓመት 600 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ይመድባል። ገንዘቡ ከጸጥታ ትብብር ጋር የተያያዘ ነው፤ አውስትራሊያ ቻይና በፓሲፊክ የምታደርገውን እንቅስቃሴ በዓይነ ቁራኛ እያየች ነው የፈረመችው። ፐርዝም በ2027 በክፍለ ሀገሩ መንግሥት ድጋፍ ወደ ውድድሩ ትመለሳለች። ከሠላሳ ዓመት በፊት የእንግዶቿን ቲኬት ራሷ ቁረጪ የተባለችው ከተማ አሁን የምትገባው የመንግሥት በጀት ይዛ ነው።

ይህ በማኅበሩ ውስጥ ያልነበረ አራተኛ ፍርድ ነው፤ መሳፈሪያውን ከማኅበሩ ውጪ ያለ ሰው ይክፈለው። ለአገሪቱ ዋና ከተማ ለፖርት ሞርስቢ ልጆች ትልቅ ነገር ነው፤ በሜዳቸው የዓለምን ምርጥ ተጫዋቾች ያያሉ፣ ከመካከላቸውም ይወጣሉ። ነገር ግን የመንግሥት ገንዘብ የሚታደሰው በስፖርት ምክንያት አይደለም። ቡድኑ በእነዚያ 10 ዓመታት ውስጥ እንደ ዋሪየርስ የራሱን የቴሌቪዥን ገበያ ወደ ጋራ ሣጥኑ ማስገባት አለበት። የፓፑዋ ኒው ጊኒ ሕዝብ በሚሊዮን የሚቆጠር የስፖርቱ አፍቃሪ ነው፤ የመክፈል አቅሙ ግን ከኒውዚላንድ ጋር አይወዳደርም። አፍቃሪ ብዙ፣ ከፋይ ጥቂት የሆነበት ገበያ በሣጥኑ ውስጥ እንዴት ይመዘናል የሚለውን በምዕራፍ 10 እናነሳዋለን፤ እዚያ ጥያቄው ከራግቢ ሊግ አልፎ የአፍሪካን እግር ኳስም ይነካል።